ከዒድ በፊት የሚላክ ገንዘብ፦ አይባን የሚባለው ቁጥር ለእኛ ምንድን ነው?



ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከተራዊሕ ሶላት በኋላ አንዲት እናት እንፍራንዝ ባለው መስጊዳችን በር ላይ ቆመው ጠበቁን። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯትን ወረቀት ፈትተው «ሼኻችን፣ ይችን እስቲ ይዩልኝ» አሉን። ወረቀቷ ላይ «ኢ ቲ» በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት የሚጀምር ረዥም ቁጥር ተጽፏል። ጅዳ ያለችው ልጃቸው በስልክ «አይባን ላኪልኝ» ብላቸው ኖሮ፣ አንድ የሰፈር ጎረምሳ «የኢትዮጵያ አይባን አወጣልዎታለሁ» ብሎ 500 ብር ተቀብሎ ጽፎ የሰጣቸው ነው። ልጅቱ በዚያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሞክራ ገንዘቡ አልሄድ ብሏታል።

እናቲቱን ያስጨነቃቸው አምስት መቶው ብር አልነበረም። «ታላቅ ወንድሟ ተቀብለሽ ደብቀሽ ነው እያለኝ ነው፤ በዚህ በተከበረ ወር ከልጄ ጋር አፍ ተካፈትን» አሉንና እንባቸውን ጠረጉ።

እኛ ያደግነው በቁርኣንና በዐረብኛ ትምህርት ነው፤ ባንክ ቤት የምናውቀው በተራ ጠባቂነት ነው። ሆኖም ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ረመዳን ሲመጣ ወደ እኛ ስለሚመጣ፣ ከሚያውቁ የባንክ ሠራተኞች ጋር ተቀምጠን ተምረናል። የተማርነውን እናካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ዋናውን ነገር እንናገር። ኢትዮጵያ አይባን የላትም። የአገራችን ባንኮች፣ ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉት ከወለድ ነፃ ባንኮችም ጭምር፣ የሚሰጡት ተራውን የሒሳብ ቁጥር ነው። ስለዚህ «የኢትዮጵያ አይባን አወጣለሁ» የሚል ሰው የሌለ ነገር እየሸጠ ነው። ይህ ለእኛ ብቻ የሆነ ጉድለት አይደለም፤ አሜሪካና ካናዳም አይባን አይጠቀሙም። ጎረቤቶቻችን ሱዳንና ጅቡቲ ግን ገብተውበታል።

አይባን ማለት ባንኮች በድንበር ማዶ ያለን ሒሳብ እንዳይሳሳቱ የተስማሙበት ረዥም የሒሳብ ቁጥር ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1997 (እ.ኤ.አ.) ደረጃ አድርጎ አወጣው። መጀመሪያ የአገሩ ሁለት ፊደላት ይመጣሉ፤ ቀጥሎ ሁለት የማረጋገጫ አሃዞች፤ ከዚያ የባንኩ መለያና የሰውየው ሒሳብ። ርዝመቱ ከአገር አገር ይለያያል። የሳዑዲው «ኤስ ኤ» ብሎ ጀምሮ 24 ነው፤ የኤምሬቶች «ኤ ኢ» ብሎ 23፤ የኳታር 29፤ የኩዌት 30። ልጃችሁ ሪያድ ሆና የጓደኛዋን አይባን ስትጽፍ 23 ብቻ ከሆነ አንድ አሃዝ ወድቋል ማለት ነው።

ሁለቱ የማረጋገጫ አሃዞች አሠራራቸው ደስ ይላል። ኮምፒዩተሩ የመጀመሪያዎቹን አራት ምልክቶች ወስዶ መጨረሻ ላይ ያደርጋል፤ ፊደላቱን ከ«ኤ» 10፣ «ቢ» 11 እያለ እስከ «ዜድ» 35 ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ የተገኘውን ትልቅ ቁጥር ለ97 ያካፍላል። ቀሪው 1 ከሆነ ቁጥሩ በአግባቡ ተጽፏል፤ ሌላ ከሆነ ገንዘቡ ሳይንቀሳቀስ ይመለሳል። አንድ አሃዝ ቢሳሳት፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ይይዘዋል።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ሒሳብ የሚያረጋግጠው ቁጥሩ በትክክል መጻፉን እንጂ የማን መሆኑን አይደለም። የሐዲስ ዑለማዎች ቃሉን ብቻ አይተው አይቀበሉም፤ ማን ከማን ሰማው ብለው ሰነዱንም ይመረምራሉ። በገንዘብም እንዲሁ ነው። አጭበርባሪም የራሱ ትክክለኛ አይባን አለው። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ «ቁጥሬ ተቀይሯል፣ በዚህ ላኪ» የሚል መልእክት ሲመጣ፣ ደውሎ ድምፅ ሳይሰሙ መላክ የለም።

ታዲያ ልጅቱ ወደ እንፍራንዝ ስትልክ ምን ያስፈልጋታል? የተቀባዩ ሙሉ ስም በባንክ ደብተሩ እንደተጻፈው፣ የሒሳብ ቁጥሩ፣ የባንኩና የቅርንጫፉ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ በመጨረሻም ስዊፍት ኮድ የሚባለው። ስዊፍት ኮድ የባንኩ ዓለም አቀፍ መታወቂያ ሲሆን 8 ወይም 11 ምልክቶች አሉት። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ «ሲ ቢ ኢ ቲ ኢ ቲ ኤ ኤ» ነው፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ፊደል «ኢ ቲ» የአገራችን መለያ ነው። ያ ጎረምሳ «ኢ ቲ» የምትለዋን ከዚሁ ሰምቶ ይሆናል። የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር 13 አሃዝ ሆኖ በ1000 ይጀምራል፤ እሱን እንዳለ መጻፍ ነው፣ ፊት ለፊቱ ምንም አይጨመርም። የምትልክበት ቦታ አሁንም አይባን ካላት፣ መድረሻ አገሩ ኢትዮጵያ ተብሎ መሞላቱን እንድታረጋግጥ ንገሯት።

እንደ ዌስተርን ዩኒየንና መኒግራም ባሉት በሚስጥር ቁጥር ለሚላክ ገንዘብ ደግሞ ስምና መታወቂያ ይበቃል።

ስም ካልን ዘንድ፣ በእኛ ቤተሰቦች ብዙ ገንዘብ የሚያግደው የስም ነገር ነው። መሐመድ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ይጻፋል! በደብተር አንድ ዓይነት፣ በመታወቂያ ሌላ፣ ልጅቱ በስልኳ ስትጽፍ ሦስተኛ ዓይነት። ፋጡማና ፋጢማ፣ ሰዒድና ሰይድ እንዲሁ። ይባስ ብሎ ደላላ ለፓስፖርት ሲል ስሟንና ዕድሜዋን የቀየረባት ልጅ አለች፤ ላኪዋ ማን እንደሆነች ሲጠየቅ አባት የማያውቁትን ስም ይሰማሉ። በዚህ ያዘንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። መፍትሔው የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንስቶ መላክ ነው፤ ከዚያ ፊደል በፊደል ትቅዳው።

ገንዘቡ ጎድሎ ሲመጣም ለመወንጀል አትቸኩሉ። ከባንክ ወደ ባንክ የሚላክ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በመካከል ባለ ሦስተኛ ባንክ በኩል ያልፋል፤ እሱም አገልግሎቱን ይቆርጣል። ላኪዋ ወጪውን ሁሉ እኔ እከፍላለሁ ካላለች ከሚደርሰው ላይ ይቀነሳል። ደረሰኙን አስልካችሁ እዩ። በሱረቱል በቀራ የብድር ውል ይጻፍ የምትለዋ አያ የቁርኣን ረዥሟ አያ መሆኗን የምታውቁ፣ የወረቀትን ነገር ቀላል አታድርጉት።

ጊዜውም ያሳስበናል። የሳዑዲ ባንኮች ዓርብና ቅዳሜ ያርፋሉ፤ የእኛዎቹ እሑድ፤ ዶላሩ የሚያልፍባቸው የአሜሪካ ባንኮች ቅዳሜና እሑድ። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሪያድ የተላከ ገንዘብ ሰኞ ሊነቃነቅ ይችላል። ላይ የዒድ ዕረፍት ሲጨመርበት ይዘገያል። ለዘካተል ፊጥርና ለዒድ ልብስ የሚሆነው ከወሩ ሃያኛ ቀን በፊት ቢላክ እንመርጣለን።

አንዳንዱ «ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል፣ ሐዋላ አለ» ይላል። ሐዋላ የዐረብኛ ቃል ነው፤ በፊቅህ ዕዳን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር ነው፣ ሕጋዊ ውል ነው። ባንኮቻችንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1700 (እ.ኤ.አ.) ገደማ እንፍራንዝን አይቶ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን በግልጽ የሚፈጽሙባት ከተማ እንደሆነች ጽፏል፤ የጎንደር ሙስሊም ነጋዴዎችም እስከ ምጽዋና ስናር ይዘልቁ ነበር። አማና የእኛ የቆየ ሀብት ነው። ዛሬ በጓዳ የሚካሄደው ግን ሌላ ነው፤ ልጅቱ በሪያል ለማታውቀው ሰው ትሰጣለች፣ እዚህ ደግሞ ከማናውቀው ሰው ሒሳብ ብር ይገባል። የገንዘቡ ምንጭ ቢጣራ ተጠያቂው ተቀባዩ አባት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ለዚህ የሚቀርበው የድሮ ምክንያት በጣም ሳስቷል።

አይባን ለልጆቻችን ጨርሶ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ሳዑዲ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቤት ሠራተኞች ደመወዝ በባንክና በዲጂታል ቦርሳ እንዲከፈል ደረጃ በደረጃ ማስገደድ ጀምራለች። እዚያ ሒሳብ ስትከፍት የሚሰጣት አይባን በራሷ ስም ይሁን። በአሠሪዋ ዘመድ ወይም በጓደኛዋ ስም የተከፈተ ሒሳብ ላይ ሁለት ዓመት ሠርታ ባዶ እጇን የተመለሰች እህት እናውቃለን።

ወደ እናታችን እንመለስ። ልጃቸውን ከእኛው ስልክ ደወልንላት፤ የደብተሩን ገጽ ፎቶ ላክንላት። በጣም የጨነቃት ግን ሌላ ነገር ነበር፤ «ፊጥራዬ ሳይደርስ ዒድ ቢያልፍስ?» አለችን። ወኪል ማድረግ እንደምትችል ነገርናት። እዚያው በስልኩ «እማዬ፣ በእኔ ስም አውጭልኝ» ብላ ፈቀደች። እናትም ከጎተራቸው አንድ ሷዕ ጤፍ ሰፍረው ለይተው አስቀመጡ፤ ዋጋውን ገንዘቡ ሲገባ ይቀበሉታል። በዋጋ ማውጣትን የሐነፊ መዝሀብ ይፈቅዳል፤ እሳቸው ግን እህሉን መረጡ።

ገንዘቡ የገባው በሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። የስልኩን መልእክት ያነበበላቸው ያው ታላቅ ልጃቸው ነበር።