ሯጩ ቆም የሚልበት ቦታ

ባለፈው ክረምት አንድ ፕሮዲውሰር የአንዲት ወጣት ሯጭ ታሪክ የሆነ ፊልም ይዞ ቤቴል ወዳለችው የኤዲቲንግ ክፍሌ መጣ። «የመጨረሻውን ሩጫ አርዝምልኝ፤ ስሎው ሞሽን አድርገውና ሙዚቃ ልቀቅበት» አለኝ። ለዚያ ሲባል ከፊት የነበረ አንድ ትዕይንት ወጣ። ልጅቷ የራሰ ጫማዋን ከሰል አጠገብ አስቀምጣ፣ ሶሉ እንዳይቀልጥ ቶሎ ቶሎ ታገላብጠዋለች፤ እናቷ ከበሩ ሥር ዝም ብላ ታያታለች። እስካሁን ይቆጨኛል።

«የስፖርት ፊልም ማለት ውድድሩ ነው» የሚል ሰው መስማት ሰልችቶኛል። የአሜሪካኖቹን የቤዝቦል ፊልሞች እንይ። እኛ አገር የጨዋታውን ሕግ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? «መኒቦል»ን ግን ሕጉን ሳናውቅ እስከ መጨረሻው እናየዋለን። የፊልሙ ክለብ ኦክላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 በተከታታይ 20 ጨዋታ ቢያሸንፍም ዋንጫ አላነሣም። ፊልሙ የሚይዘን በሰውየው ነው፤ ገንዘብ በሌለው ክለብ፣ ሌሎች የናቋቸውን ተጫዋቾች ሰብስቦ፣ ጨዋታውን ቁጭ ብሎ ለማየት እንኳ አንጀቱ አልችል ባለው ሥራ አስኪያጅ።

ቤዝቦል ለካሜራም ይመቻል። ወርዋሪው ኳሷን ከመልቀቁ በፊት ቆም ይላል፣ መቺው ይጠብቃል፤ በዚያች ፋታ ፍርሃቱንም እልሁንም ከፊቱ ላይ እናነባለን። ሩጫ ይህን አይሰጥም። ሯጭ አይቆምም። ስለዚህ የኛ ፊልም ያችን ፋታ ከትራኩ ውጭ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ በስሎው ሞሽን የምትገኝ ነገር አይደለችም።

ውጤቱማ ይታወቃል። ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ነው የቀደመው፤ ከዚያ የበለጠ ልብ የሚሰቅል ሩጫ በየትኛው ተዋናይ ነው የምንሠራው? ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት «አትሌቱ» የተባለ ፊልም ይህ ገብቶታል። የአበበ ቢቂላን የሮምና የቶኪዮ ድሎች ለድሮዎቹ እውነተኛ ምስሎች ትቶ፣ ከመኪና አደጋው ጋር የተያያዘውን ሕይወቱን ያዘ፤ እግሮቹ እምቢ ካሉት በኋላ ቀስት ያነሣውን፣ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ የተወዳደረውን አበበ።

እኔ ኤዲተር ነኝ፤ ያልተቀረጸ ነገር ከየትም አላመጣም። የሯጭ ፊልም ለመሥራት የተነሣችሁ፣ እባካችሁ ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት ስክሪፕታችሁን አንድ ጊዜ ፈትኑት፦ የመጨረሻውን ሩጫ አውጥታችሁ አንብቡት። የቀረው ታሪክ ካልሆነ እንደገና ጻፉት።