የኪራይ ስኩተር በፓሪስ፦ ከጨረታ እስከ ሕዝብ ድምፅ

ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ በፓሪስ ከተማ የኤሌክትሪክ ስኩተር መከራየት አይቻልም (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገዝቶ መንዳት ግን ይቻላል። ከሱቅ የራሱን የገዛ ሰው ዛሬም በብስክሌት መስመር ላይ ሽው ይላል፤ ደንብ እስካልጣሰ ድረስ የሚያስቆመው ፖሊስ የለም። ጎማው ያው፣ ሞተሩ ያው ሆኖ ሳለ የኪራዩ ተባርሮ የግሉ ለምን እንደቀረ የተረዳ ሰው፣ የከተማ ምክር ቤቶች ከዚህ ትንሽ መሣሪያ ጋር ለዓመታት ምን ሲያታግላቸው እንደቆየ ተረዳ ማለት ነው።

መሣሪያው ራሱ የተወሳሰበ አይደለም። ሁለት ትናንሽ ጎማዎች፣ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ጠባብ መርገጫ፣ ከፊቱ ቀጥ ያለ ምሰሶና መሪ አለው። ሞተሩ በአንደኛው ጎማ መሐል ተቀብሯል። የሊቲየም ባትሪው ከመርገጫው ሥር ወይም ከምሰሶው ውስጥ ይቀመጣል። መሪው ላይ ያለችውን ማንሻ በአውራ ጣት ሲጫኗት ይነዳል። የኪራዩን ከግሉ የሚለየው ሆዱ ውስጥ ያለው መገናኛ ነው። እንደ ሞባይል ከኔትወርክ ጋር ይገናኛል፣ በጂፒኤስ ያለበትን ቦታ ለባለቤቱ ድርጅት ያሳውቃል፣ ከድርጅቱም ትእዛዝ ይቀበላል። ተከራዩ በስልኩ መተግበሪያ ከመሪው ላይ ያለውን ኮድ ያነሳል፤ ቁልፉ ይከፈታል፤ ሒሳቡ በደቂቃ መቁጠር ይጀምራል። ሲጨርስ ካለበት ቦታ አቁሞት ይሄዳል።

ጣጣው ያለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው። የኪራይ ብስክሌት ለፓሪስ አዲስ አልነበረም፤ ቬሊብ የተባለው አገልግሎት ከ2007 ጀምሮ ይሠራል። ቬሊብ ግን ተወስዶ የሚመለስበት ጣቢያ ነበረው። ስኩተሩ ጣቢያ አልነበረውም። ለአከራዩ ይህ ከፍተኛ ወጪ ማዳን ነው፦ መሬት አይከራይም፣ ጣቢያ አይገነባም፤ መጋዘኑም የመሸጫ ሱቁም የሕዝቡ የእግረኛ መንገድ ነው።

ንግዱ የተወለደው በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ሞኒካ ነው። በርድ የተባለው ድርጅት በ2017 ስኩተሮቹን ያለ ከተማዋ ፈቃድ መንገድ ላይ ደረደረ። ከተማዋ ከሰሰችው፤ በ2018 መጀመሪያም ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። እስከዚያ ግን ሕዝቡ ለምዷቸው ነበር። ተከትለው የመጡት ድርጅቶችም ይህንኑ መንገድ ያዙ፦ ቅድሚያ መንገዱን መሙላት፣ ስለ ፈቃዱ ከዚያ በኋላ መነጋገር።

ፓሪስ የደረሰው የመጀመሪያው ድርጅት «ላይም» የተባለው ሲሆን ጊዜውም ጁን 2018 ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ አከራዮቹ ደርዘን ያህል፣ ስኩተሮቹም ወደ 20 ሺህ ሆኑ። ምሰሶ ሥር የወደቀ፣ የሜትሮ ደረጃ ላይ የተጋደመ፣ ሴን ወንዝ ውስጥ የተጣለ ስኩተር ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ሆነ። በነጭ ዱላ የሚሄድ ዓይነ ስውር፣ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት መንገዱ ተዘጋባቸው።

የከተማው ምክር ቤት በመጀመሪያ የሞከረው ክፍያ ነው። በ2019 የጸደይ ወራት ለእያንዳንዱ ስኩተር በዓመት ከ50 እስከ 65 ዩሮ እንዲከፈል ወሰነ፤ ብዙ ያሰማራ ብዙ ይከፍላል። እግረኛ መንገድ ላይ የነዳ ሰው 135 ዩሮ፣ መተላለፊያ ዘግቶ ያቆመ 35 ዩሮ እንዲቀጣም ተደረገ። ክፍያው ገቢ አስገኘ እንጂ መንገዱን አላጸዳም። ከዚያ ዋናው እርምጃ፣ ጨረታው መጣ። በጁላይ 2020 ሦስት ድርጅቶች፣ ማለትም ላይም፣ ዶትና ቲየር አሸነፉ፤ እያንዳንዳቸው 5 ሺህ ስኩተር ብቻ ተፈቀደላቸው፤ የተቀሩት ከተማውን ለቀው ወጡ። ጨረታው የተጓዥን ደኅንነት፣ ጥገናንና ባትሪ አሞላልን ይመዝን ነበር። መጀመሪያ ላይ ስኩተሮቹን ማታ ማታ እየለቀሙ ቤታቸው ወስደው ቻርጅ የሚያደርጉት በቁጥር የሚከፈላቸው ሰዎች ነበሩ። በኋላ ቋሚ ሠራተኞች እየዞሩ ባትሪውን ብቻ የሚቀይሩበት አሠራር መጣ።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ምክር ቤቱ በእጁ ያለው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ታየ። ስኩተሩ ትእዛዝ የሚቀበል መሣሪያ ስለሆነ ፍጥነቱን ለመወሰን ትራፊክ ፖሊስ ማሰማራት አያስፈልግም። ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሆነ። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ትምህርት ቤቶች፣ መናፈሻዎችና ሰው የሚበዛባቸው አደባባዮች የሚገኙባቸው ወደ 700 አካባቢዎች በካርታ ተከለሉ፤ ስኩተሩ ድንበሩን ሲያልፍ ፍጥነቱ ራሱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይወርድ ነበር። ከዚህም ሌላ ወደ 2 ሺህ 500 የሚሆኑ ማቆሚያዎች በቀለም ተሰምረው ተዘጋጁ። ተከራዩ ከእነዚህ ውጭ ቢያቆም ሒሳቡ መቁጠሩን አያቆምም ነበር።

ሆኖም ማሽኑ የሚታዘዘውን ያህል ሰው አልታዘዘም። በአንድ ስኩተር ሁለት ሆኖ መሄድ ቀጠለ። በጁን 2021 በሴን ዳርቻ ስትሄድ የነበረች የ31 ዓመት ጣሊያናዊት ሁለት ሴቶች በጫነ ስኩተር ተገጭታ ሞተች፤ ጉዳዩ ከተማውን በእጅጉ አስቆጣ። በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ደግሞ ጂፒኤስ በጥቂት ሜትሮች ይስታል፤ በመንገዱና በእግረኛው መሄጃ መካከል ያለው ልዩነት ግን አንድ እርምጃ ነው።

የሦስቱ ድርጅቶች ውል በኦገስት 2023 ያበቃ ነበር። ከንቲባ አን ኢዳልጎ ውሉ ይታደስ ወይስ ይቅር የሚለውን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ፤ እርሳቸው ራሳቸው እንዲቀር ይደግፉ ነበር። ኤፕሪል 2 ቀን 2023 ድምፅ ከሰጡት 89 በመቶው «ይቅር» አሉ። ድምፅ የሰጠው ግን 103 ሺህ ያህል ሰው፣ ማለትም ከተመዝጋቢው 7.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ድርጅቶቹ ድምፅ በኢንተርኔት ይሰጥ ብለው ጠይቀው ነበር፤ አዘውትረው የሚከራዩት ወጣቶች ወደ ምርጫ ጣቢያ እንደማይጎርፉ ያውቁ ነበርና። ከተማው አልተቀበለም። ሕዝቡ ባለው መሠረት 15 ሺህ ስኩተር ተለቅሞ ወጣ።

የግሉ ለምን ቀረ? መልሱ በሥልጣን ክፍፍል ላይ ነው። ስኩተር ምን ያህል ይፍጠን፣ ማን ይንዳው፣ በየት ይሂድ የሚለውን በፈረንሳይ የሚወስነው የመንግሥት ድንጋጌ ነው። በ2019 የወጣው ድንጋጌ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ መፍጠንን፣ እግረኛ መንገድ ላይ መንዳትንና ሁለት መሆንን ይከለክላል። የከተማ ምክር ቤት አገር የፈቀደውን ተሽከርካሪ ማገድ አይችልም። በአደባባይ መነገድን ግን መፍቀድም መከልከልም ይችላል። ሽንኩርት ገዝቶ መብላት ማንም አይከለከልም፤ መንገድ ዳር ጉልት ዘርግቶ መቸርቸር ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ፓሪስ የከለከለችው ጉልቱን ነው።

ሌሎች ከተሞች ያንኑ ሥልጣን በሌላ መንገድ ተጠቅመውበታል። ኦስሎ በ2021 ከተማውን ያጥለቀለቁትን ስኩተሮች ወደ 8 ሺህ አወረደች፤ የሰካራም አደጋ ስለበዛም ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ኪራዩ እንዲቆም አደረገች። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ተከራዩ ስኩተሩን ከብስክሌት ማሰሪያ ጋር መቆለፍ አለበት፤ በመሐል ከተማው የንግድ ቀጠናም እግረኛ መንገድ ላይ መንዳት ክልክል ነው። ማድሪድና ሜልበርን ግን በ2024 የፓሪስን መንገድ መረጡ።

ከፓሪስ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ቁጥርና ፍጥነት በውል ይገራሉ፤ ሰው የሚማረርበት ማቆሚያው ነው። ፓሪስ ጥሩ ደንብ አላጣችም፤ ዋናው ደንብ ግን የመጣው ስኩተሩ ከመጣ ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ የነዋሪው ትዕግሥት ካለቀ በኋላ ነው። አዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር እየዘረጋች ነው፤ የኪራይ ስኩተር ነጋዴም አንድ ቀን ማንኳኳቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ምክር ቤቱ ከፍጥነትና ከታሪፍ በፊት «የት ይቆማል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ማቆሚያውን አስምሮ፣ ኪራዩን ተምኖ፣ የሚያነሳውን ወስኖ ከዚያ በኋላ ይፈርም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።