ገበያ ያጣው ብስክሌት እንዴት ብርቅ ሆነ?

የድሮ የአሜሪካ ብስክሌት የሚሰበስቡ ሰዎች "ስፔስላንደር" የሚባለውን ካገኙ አይለቁትም። የሚገርመው፣ በጊዜው ገዢ ያጣ ብስክሌት ነው።

ንድፉን እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጣው እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ቦውደን ነው። ሚሺጋን ውስጥ የተመረተው ግን በ1960 ነው፤ 14 ዓመት ቆይቶ! አካሉ ፋይበርግላስ ስለሆነ ቅርጹ ድንቡሽቡሽ ያለ ነው፤ ላየው ሰው የጠፈር መንኮራኩር ይመስላል። ችግሩ ፋይበርግላሱ ቶሎ ይሰበራል። ዋጋውም 89 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ለዚያ ዘመን የማይቀመስ። 522 ገደማ ብቻ ተሽጦ ምርቱ ቆመ። ዛሬ የሚፈለገውም ለዚሁ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ከዚያም ላይ ስንቱ ተሰብሮ ተጥሏል።

ገዢ ግን መጠንቀቅ አለበት። በ1980ዎቹ ፈላጊው ሲበዛ አስመስለው የሠሩት ወጥቷል፤ ከሩቅ ለመለየት ያስቸግራል።

ሌላው ጉዳይ ቀለም ነው፤ ይሄ ለሌሎቹም የድሮ ብስክሌቶች ይሠራል። እኛ ጋ ዕቃ ሲያረጅ "ቀለም ቀባ አድርገው" ይባላል አይደል? ብዙ ሰብሳቢዎች ግን ቢጫጫርም ከፋብሪካ የወጣበትን ቀለም ነው የሚፈልጉት። ከአያቱ ጋራዥ አንዱን ያገኘ ሰው ለማሳመር ብሎ ቀለም ከቀባው ዋጋውን በገዛ እጁ ያወርደዋል፤ የተላጠ ቀለም ደግሞ አይመለስም።