ስድሳ ጎል በስምንት ፓውንድ ደመወዝ

አንባቢ ሆይ፤ ደመወዝዎን ተቀብለው ሲወጡ፥ ሥራውን እያንቀላፋ የሚውለው ጓደኛዎ ከእርስዎ እኩል መቀበሉን አይተው ተክዘው ያውቁ ይሆናል። እንግዲያውስ የእንግሊዛዊውን ኳስ ተጫዋች የዊልያም ዲንን ታሪክ ላጫውትዎ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዲን በ1907 ከሊቨርፑል ወንዝ ማዶ ባለችው በበርከንሄድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ባቡር ነጂ ነበሩ። እሱም ገና በልጅነቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በባቡር ድርጅት የመካኒክ ተለማማጅ ሆነ፤ ቀን ኳስ ለመጫወት እንዲመቸው ብሎ የሌሊቱን ሥራ መረጠ። በአገሩ ቡድን በትራንሚር ሮቨርስ ጥቂት ከተጫወተ በኋላ፥ በ1925 የሊቨርፑሉ ኤቨርተን በ3,000 ፓውንድ ወሰደው። ሰው ሁሉ «ዲክሲ» ይለው ነበር፤ እሱ ግን ይህን ስም አይወደውም፤ ወዳጆቹ «ቢል» ይሉታል።

በ1926 ክረምት በሞተር ቢስክሌት ሲሄድ አደጋ ደርሶበት የራስ ቅሉና መንጋጋው ተሰበረ። ሐኪሞቹ ዳግመኛ ኳስ መጫወቱን ተጠራጠሩ። እሱ ግን በዚያው ዓመት ወደ ሜዳ ተመልሶ፥ በዚያው በተሰበረው ራሱ ኳስ ይመታ ጀመር! አንዳንዶች «ራሱ ውስጥ ብረት አለ» እያሉ ማውራታቸው አያስደንቅም።

ቀጥሎ የመጣው የ1927–28 የጨዋታ ዘመን ነው። ባለፈው ዓመት ጆርጅ ካምሴል የተባለ የሚድልስብሮ ተጫዋች በሁለተኛ ዲቪዚዮን 59 ጎል አግብቶ ነበር። ሜይ 5 ቀን 1928 የመጨረሻው ጨዋታ ሲደርስ ዲን 57 ነበረው። ኤቨርተን አሸናፊነቱን አስቀድሞ አረጋግጧል፤ ስለዚህ ሕዝቡ የመጣው የዲንን ሦስት ጎል ለማየት ነው። ተጋጣሚው አርሰናል ነበር፤ ጎል በማግባትም እሱ ቀደመ። ዲን አንዱን አገባ፤ ሁለተኛውን በፍጹም ቅጣት ምት ጨመረ፤ 59 ሆነ። ከዚያ በኋላ ደቂቃው አለቀ፥ ጎሉ ግን እምቢ አለ። ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ትሩፕ የተባለው አጭሩ የክንፍ ተጫዋች ከማዕዘን አሻገረለት፤ ዲንም ከሁሉ በላይ ዘልሎ በራሱ መታው። ስድሳ! አርሰናል ወዲያው አግብቶ ውጤቱ 3 ለ3 መሆኑን ልብ ያለው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን በአንድ ዘመን 60 ጎል ያገባ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አሁን ወደ ደመወዙ እንመለስ። በዚያን ጊዜ የኳሱ ደንብ፥ ተጫዋቹ ጎበዝም ይሁን ሰነፍ፥ በጨዋታው ወራት በሳምንት ከ8 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ይከለክል ነበር። ስድሳ ያገባውም፥ አንድ ያላገባውም ከዚህ ልክ አያልፉም። ይህ የደመወዝ ወሰን እስከ 1961 ቆየ።

በ1930 ኤቨርተን ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲወርድ ዲን አልከዳውም፤ በማግሥቱ ዓመት አብሮት ወጣ። በ1932 የሊጉን፥ በ1933 የማኅበሩን ዋንጫ አገኙ። ለኤቨርተን በሊግ 399 ጊዜ ተጫውቶ 349 ጎል አገባ። በ1938 ግን ወደ ኖትስ ካውንቲ ተሸጠ።

ከኳስ ከወጣ በኋላ በቼስተር መጠጥ ቤት ያስተዳድር ነበር፤ ኋላም ሕዝቡ የኳስ ውጤት እየገመተ ገንዘብ በሚያስይዝበት ድርጅት ተራ ሠራተኛ ሆነ። በ1976 አንድ እግሩ ተቆረጠ። ማርች 1 ቀን 1980 ኤቨርተን ከሊቨርፑል ሲጫወት ለማየት ወደ ጉዲሰን ፓርክ ወሰዱት። ያ ስድሳኛው ጎል በገባበት ሜዳ፥ ጨዋታውን ሲመለከት ልቡ ቆመ፤ በ73 ዓመቱ እዚያው ዐረፈ።