ጴጥሮስዬ፣ የፖርቶ ሪኮ ወፍ

ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቱ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ብዙም አይበልጥም። ጀርባው ከቅጠል የማይለይ ደማቅ አረንጓዴ፣ ጉሮሮው በርበሬ የመሰለ ቀይ፣ ደረቱ ነጣ ያለ፣ ጎንና ጎኑ ቢጫ ነው። ምንቃሩ ረጅምና ጠፍጣፋ፣ ለዚያች አካል የተዋሰው የሚመስል። የደሴቲቱ ሰዎች «ሳን ፔድሪቶ» ይሉታል፤ ትንሹ ቅዱስ ጴጥሮስ ማለት ነው። እኛ ብንሆን ጴጥሮስዬ እንለው ነበር። ዓሣ አጥማጅ ወፎች ዘመዶቹ ናቸው፤ እሱ ግን ጴጥሮስ ተብሎም ዓሣ አይነካም፣ የሚኖረው በነፍሳት ነው።

ሳይንሳዊ ስሙማ ይብሳል፦ ቶዱስ ሜክሲካኑስ። ከፖርቶ ሪኮ ውጭ የትም አይገኝም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1838 ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው ሬኔ ሌሶን፣ ናሙናው ከሜክሲኮ የመጣ መስሎት ነበር። ስህተቱ ታወቀ፤ ቀድሞ የወጣ ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይሻርምና ወፉ ዛሬም ባላየው አገር ስም ይጠራል።

ሲያድን ምንቃሩን ወደ ላይ አቅንቶ ቅርንጫፍ ላይ ዝም ይላል። ዓይኑ የቅጠሎቹ ጀርባ ላይ ነው። አንዲት ነፍሳት ስትንቀሳቀስ ካየ ይወረወራል፣ ከቅጠሉ ሥር ይለቅማታል፣ ወደ ነበረበት ሳይመለስም ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ያርፋል። ሰው አጠገቡ ቢቆም እምብዛም አይደነግጥም።

ጎጆውን ዛፍ ላይ አይሠራም። ባልና ሚስት ተጋግዘው የመንገድ ዳር ወይም የወንዝ ዳር የአፈር ግድግዳ በምንቃራቸው ይቆፍራሉ። ጉድጓዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከገባ በኋላ ይታጠፋል፤ እንቁላሎቹ ያሉት ከታጠፈው ወዲያ፣ ከውጭ በማይታየው ጓዳ ውስጥ ነው። የአንዱ እንቁላል ክብደት የእናቲቱን ሩብ ይጠጋል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ደግሞ አንዷ ጫጩት በቀን እስከ 140 ጊዜ ትጎረሳለች። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ቁጥር ደግሞ ያንብበው።

ጴጥሮስዬ በኤል ዩንኬ ዝናባማ ደንም፣ በደረቁ የቆላ ጫካም፣ በዛፍ ጥላ ሥር በሚለማ የቡና ማሳም ይኖራል። ክፉ ጠላቱ ሞንጉስ ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሸንኮራ አገዳውን አይጥ እንዲያጠፋ ሰው ያመጣው ቀጭን አውሬ። ጓዳው ታጥፎ ቢሰወርም ግድግዳው አፈር ነው፤ ሞንጉስ ደግሞ መቆፈር ያውቃል።