ሦስት ሰዓት ለአንድ ሽታ፦ የአሜሪካ የአዳኝ ውሾች ብሔራዊ ሻምፒዮና

በአሜሪካ ቴኔሲ ግዛት፣ ከሜምፊስ ከተማ በስተምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ግራንድ ጀንክሽን የተሰኘች ትንሽ ከተማ አቅራቢያ፣ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር በርካታ ፈረሰኞች ሁለት ውሾችን ተከትለው ሜዳ ለሜዳ ይጓዛሉ። ጠዋት አንድ ጥንድ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ጥንድ ይሰማራል፤ እያንዳንዱም ጥንድ የሚፈተነው ለሦስት ሙሉ ሰዓታት ነው። ውድድሩ የአዳኝ ውሾች ብሔራዊ ሻምፒዮና ይባል እንጂ በእነዚያ ሰዓታት አንድም ወፍ አይገደልም። የሚተኮሰው ጥይት ባዶ ነው።

የሚፈለጉት ወፎች አሜሪካውያን ቦብዋይት የሚሏቸው የድርጭት ዝርያ ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ወንዱ በጸደይ ከሚያሰማው ጥሪ ነው። በብርድ ወራት አሥር፣ አሥራ አምስት እየሆኑ በመንጋ ይኖራሉ። ሌሊት ጭራቸውን ወደ መሐል፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ክብ ሠርተው ያድራሉ፤ ጠላት ሲጠጋቸውም በአንድ ቅጽበት በየአቅጣጫው ይበተናሉ። ከውሻው የሚጠበቀው ይህን መንጋ በሽታ ብቻ አግኝቶ፣ ሳያስደነግጥ፣ ከርቀት እንደ ሐውልት ደርቆ መቆም ነው። መሪው ከፈረሱ ወርዶ ወፎቹን ያስነሣል፤ ከዚያም ይተኩሳል። ውሻው ክንፍ ሲርገበገብም ሆነ ተኩስ ሲያስተጋባ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ሁለተኛው ውሻም ባልንጀራውን ቆሞ ባየ ጊዜ ባለበት ቆሞ ሊያከብርለት ይገባል። መሻማት እዚህ ነውር ነው።

እንዲህ ያለው ፈተና የተወለደው በእንግሊዝ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1865 በቤድፎርድሽር አውራጃ ሳውዝሂል በተባለ ስፍራ የተካሄደው የመጀመሪያው ተደርጎ ይጠቀሳል። በ1874 ልማዱ አትላንቲክን ተሻግሮ ሜምፊስ አጠገብ ውድድር ተደረገ፤ ያሸነፈውም ናይት የተባለ ጥቁር ሴተር ነበር። በየክፍለ ሀገሩ ውድድሩ ሲበዛ ከአሸናፊዎች መካከል የላቀው የሚለይበት መድረክ አስፈለገ። ስለዚህም ብሔራዊው ሻምፒዮና በ1896 በሚሲሲፒ ግዛት፣ ዌስት ፖይንት ላይ ተጀመረ። የመጀመሪያውን ማዕረግ ያገኘው ካውንት ግላድስቶን 4ኛ የተባለ ሴተር ነው። ስሙ የእንግሊዝ መኳንንት ስም ይመስላል፤ በዚያ ዘመን የአንድ ውሻ የትውልድ ሐረግ እንደ ባላባት ዘር ተቆጥሮ በመዝገብ ይሰፍር ስለነበር ይህ አያስገርምም።

ውድድሩን ዛሬ በሚታወቅበት መልክ የቀረጸው ሰው ግን ከሰሜን የመጣ የኢንዱስትሪ ባለሀብት ነበር። ሆባርት ኤምስ በማሳቹሴትስ አካፋ በማምረት ከከበረ ቤተሰብ የተወለደ ሲሆን፣ በ1901 በግራንድ ጀንክሽን አካባቢ ሰፊ መሬት ገዛ። መሬቱ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት በባርነት የተያዙ ሰዎች ጥጥ ያመረቱበት ነበር፤ በ1847 የተሠራው የጌታው ቤት አሁንም ቆሟል። ከ1915 ወዲህ ሻምፒዮናው በዚህ ርስት መካሄድ ጀመረ። ኤምስም በ1945 እስኪሞት ድረስ ማኅበሩን ለአሥርት ዓመታት በፕሬዚዳንትነት መራ። በኋላ ባለቤቱ ጁሊያ ባቋቋመችው ፋውንዴሽን አማካይነት ከ7,000 ሄክታር በላይ የሚሆነው መሬት ለቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ምርምር ጥቅም እንዲውል ተደረገ።

ኤምስ ለዳኞች የተወው መመዘኛ ከመሬቱ ያላነሰ ቅርስ ነው። ፍጥነት፣ ርቀት፣ ግርማና ጽናት ይፈለጋሉ። ከሁሉ በላይ ግን ውሻው የወፍን ጠባይ የሚያውቅ መሆን አለበት፤ ወፎች በዚያ ሰዓትና በዚያ ነፋስ የት እንደሚውሉ ገምቶ ወደዚያ ማምራት ይኖርበታል። ወፏ ረግጣው ያለፈችውን ዱካ ሽታ፣ አሁን ሣር ውስጥ ካለው ሕያው አካል ከሚወጣው ሽታ መለየትም አለበት። በነጥብ ድምር የሚሸነፍና የሚያሸንፍ ስለሌለ፣ ብዙ መንጋ ያገኘ ውሻ ጥቂት ባገኘ ውሻ ሊበለጥ ይችላል። ይህ ለክርክር በር ይከፍታል፤ ሆኖም የሚፈተነውን ችሎታ ከቁጥር ይልቅ በሚዛናዊ ዓይን መመልከቱ የበለጠ ፍትሐዊ ይመስላል።

የሦስት ሰዓቱ ርዝመት ለትርኢት የተበጀ አይደለም። ውሻ ከ200 ሚሊዮን በላይ የሽታ ተቀባይ ሕዋሳት እንዳሉት ይገመታል፤ የሰው ልጅ ያሉት ስድስት ሚሊዮን ያህል ብቻ ናቸው። ውሻ አየር የሚያስወጣው በአፍንጫው የጎን ስንጥቆች በመሆኑ የሚወጣው አየር የሚገባውን ሽታ አያውከውም። ችግሩ ይህ ድንቅ መሣሪያ ከሩጫ ጋር መጋጨቱ ነው። ላብ እንደ ልብ የማይወጣው ውሻ ሙቀቱን የሚያስወግደው በማለክለክ ነው፤ በማለክለክ ላይ ያለ ውሻ ደግሞ አጥርቶ ማሽተት ይሳነዋል። በአላባማ የሚገኘው የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሰውነቱ በልምምድ ያልጠነከረ ውሻ ከድካም በኋላ የማሽተት ብቃቱ በእጅጉ ይወርዳል። በሦስተኛው ሰዓት መጨረሻ ወፍ አግኝቶ የሚቆም ውሻ እንግዲህ ሳንባውንም፣ ልቡንም፣ አፍንጫውንም በአንድነት አስመስክሯል ማለት ነው።

የመቆሙ ጠባይ ራሱ በመምረጥና በማዳቀል የተቀረጸ ነው። አውሬ አድብቶ ከመዝለሉ በፊት ለአፍታ ይገታል፤ አርቢዎች ያንን አፍታ አርዝመው መንከሱን አስቀሩት። ሴተር የተባለው ዝርያ በጥንት ዘመን መረብ ከወፎቹ ጋር በላዩ እንዲጣል መሬት ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ፖይንተር ግን ቆሞ በአፍንጫው ይጠቁማል። የጀርመን ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ጥናት በዚህ ጠባይ ላይ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል ያሏቸውን ሁለት ዘረመሎች ለይተዋል።

በሻምፒዮናው መጀመሪያ ዘመን የበላይነቱ የሴተሮች ነበር። ከፖይንተሮች የመጀመሪያው አሸናፊ ማኒቶባ ራፕ የመጣው በ1909 ነው። ከዚያ ሜሪ ሞንትሮዝ የተባለች ፖይንተር በ1917፣ በ1919 እና በ1920 አሸንፋ ሦስት ጊዜ ማዕረጉን በማግኘት ቀዳሚ ሆነች፤ ቤኪ ብሩም ሂልም ተከተለቻት። ጸጉረ አጭሩ ፖይንተር ለደቡብ ሙቀትና ለእሾሃማ ቁጥቋጦ ይመቻል። ይሁን እንጂ ሌላም ምክንያት አለ፤ ያሸነፈ ውሻ ብዙ ይራባል፣ ብዙ የተራባ ዝርያም ብዙ ተወዳዳሪ ያቀርባል። ድል ራሱን የሚያባዛ ሆነ። በ1970 ጆኒ ክሮኬት ካሸነፈ በኋላ ሌላ ሴተር ማዕረጉን ያገኘው ከ43 ዓመት በኋላ ነው፤ ሻዶው ኦክ ቦ በ2013 አሸነፈ፣ በ2014ም ደገመው።

ከዝርያዎቹ ፉክክር ይልቅ ዛሬ የሚያሳስበው የወፎቹ ነገር ነው። ከ1966 ወዲህ የቦብዋይት ቁጥር በአሜሪካ ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። አዳኞች የመጀመሪያዎቹ ተጠያቂዎች አይደሉም። እነዚህ ወፎች በደቡብ የበዙት መሬት አልባ ጭሰኞች በበቅሎ የሚያርሷቸው ጥቃቅን ማሳዎች፣ አረም የበቀለባቸው ድንበሮችና የተተዉ እርሻዎች ተጎራብተው በነበሩበት ዘመን ነው። ባለሀብቶች በፈረስ የተዝናኑበት የወፍ ብዛት፣ ማንም ሳያስበው፣ የድሆች ጉልበት ውጤት ነበር። ትራክተር መጥቶ ጭሰኞቹ ወደ ከተማ ሲፈልሱ ማሳው ሰፋ፣ ድንበሩ ጠፋ፣ የተረፈው መሬት ደን ዋጠው።

መፍትሔው ቀድሞ ተጠቁሞ ነበር። ኸርበርት ስቶዳርድ በጆርጂያና በፍሎሪዳ ድንበር ለዓመታት አጥንቶ በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ድርጭት ያለ እሳት እንደማይኖር አስረዳ፤ የመንግሥት የደን ባለሙያዎች ግን በዚያን ጊዜ እሳትን ሁሉ እንደ ጠላት ያዩ ነበር። ወፏ ከላይ የሚሸፍናት ሣር፣ ከሥር ግን ጫጩቶቿ የሚሮጡበት ባዶ መሬት ትሻለች፤ ይህን ሁለቱን አጣምሮ የሚሰጣት በየጊዜው በልክ የሚለኮስ እሳት ነው። በደቡብ ግዛቶች ያሉ የድርጭት ርስቶች ዛሬ የሚተዳደሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ውሾቹ ሮጠው ከጨረሱ በኋላ፣ ጸደይ ሲቃረብ፣ ደረቁ ሣር በየፈርጁ እየተከፈለ ይቃጠላል።