የተቀጣሪ ፈጠራ ባለቤቱ ማን ነው?

በቡሬና በዙሪያዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ እንዶድን ያውቀዋል። እናቶቻችን ፍሬውን አድርቀው እየወቀጡ ነጠላና ቡሉኮ ያጥቡበት ነበር፤ ሳሙና በየሱቁ ከሞላም በኋላ ጋቢ በእንዶድ ካልታጠበ አይነጣም የሚሉ ባልቴቶች አልጠፉም። ዛሬ እንዶድን ማንሣታችን ግን ስለ ልብስ አጠባ ለመናገር አይደለም። ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው አዲስ ነገር ቢፈለስፍ፥ የፈጠራው መብት የራሱ ነው ወይስ የቀጠረው መሥሪያ ቤት? ይህን ለማስረዳት ከእንዶድ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን በሽታ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄደው ነበር። በወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፥ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ ተመለከቱ። የበሽታውን ትል የሚያሳድገው ቀንድ አውጣ ስለ ሆነ ነገሩን እንደ ዋዛ አላለፉትም። ቢልሃርዝያ በእኛም አካባቢ፥ በጅጋና በፍኖተ ሰላም በኩል የሚገኝ በሽታ ስለ ሆነ፥ የግኝቱን ዋጋ ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዶክተር አክሊሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ምርምሩን ቀጠሉ፤ በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

በዚያው ዘመን በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ቅርፊቱ ዥንጉርጉር የሆነ ትንሽ የውሃ እንስሳ ተራብቶ የውሃ ቧንቧዎችን ይዘጋ ጀመር። እንዶድ ይህንንም እንደሚገድል በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተፈተነና በጥቅምት ወር 1993 የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠበት። በፓተንቱ ላይ የፈልሳፊነት ስማቸው ከሰፈረው ሦስት ሰዎች አንዱ ዶክተር አክሊሉ ናቸው። ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። በዓድዋ ወንዝ ዳር ያጥቡ የነበሩት ሴቶችማ በየትኛውም መስመር አልተጻፉም። ለአገር ተክልና ለሕዝብ እውቀት ጥበቃ የሚሰጠው የእኛ አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው ከዚያ በኋላ፥ በ1998 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ አስተውሉ፤ ፈልሳፊ መባልና ባለቤት መሆን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መምህሩ ወይም ተመራማሪው ወደፊት የሚፈለስፈውን ሁሉ ለዩኒቨርሲቲው እንደሚያስተላልፍ በጽሑፍ ይፈርማል፤ ዩኒቨርሲቲው የማመልከቻውን ወጪ ይሸፍንና ከሚገኘው ገቢ ለፈልሳፊው ድርሻ ይሰጣል። የፊርማው ቃል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ያሳያል። አንድ ተመራማሪ ለዩኒቨርሲቲው «መብቴን ለማስተላለፍ እስማማለሁ» ብሎ ፈረመ፤ ቆይቶ ሊሠራበት ለሄደበት ኩባንያ ደግሞ «በዚህ ጽሑፍ አስተላልፌያለሁ» ብሎ ፈረመ። ስታንፎርድ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክሮ በ2011 ተረታ። የመጀመሪያው ቃል ተስፋ ነው፤ ሁለተኛው ግን የተፈጸመ ሥራ ነው። በመዝገብ ቤት የምትሠሩ ወገኖቻችን ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123 ነገሩን በሦስት ይከፍለዋል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቡሬ ግቢ ስላለው፥ ምሳሌው ለአካባቢያችን እንግዳ አይሆንም። አንድ የኮሌጅ መምህር የበርበሬ ማድረቂያ መሣሪያ ሠራ እንበል። የተቀጠረው እንዲህ ያለ መሣሪያ እንዲሠራ ከሆነ፥ ውሉ ሌላ ነገር ካላለ በቀር መብቱ የኮሌጁ ነው። በገዛ ቤቱ፥ በገዛ ገንዘቡና በገዛ መሣሪያው፥ ከሥራው ጋር ያልተያያዘ ነገር ሠርቶ ከሆነ የራሱ ነው። ሐሳቡ የራሱ ሆኖ ብረቱንና መበየጃውን ከኮሌጁ ወርክሾፕ ወስዶ ከሆነ ግን፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ መብቱ እኩል ለእኩል የጋራ ይሆናል። ጠብ የሚበዛው በዚህ በሦስተኛው ላይ ይመስለኛል፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በመንግሥት መበየጃ የተሠራ ሥራ የባለቤትነትን ግማሽ ይወስዳልና፥ ይህን ቀድሞ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

ፓተንት የሚጸናው ለ15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሚገባ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ለአነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት የሚባል አለ፤ ዘመኑ 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ለመሣሪያ ጠጋኞችና ለወርክሾፕ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የሚስማማው ይኸኛው ነው።

ስለዚህ ከናንተ መካከል አንድ ነገር የጀመረ ቢኖር፥ የመጀመሪያውን ብረት ከመቁረጡ በፊት የቅጥር ውሉን ከፋይል አውጥቶ ያንብብ። ስለ ፈጠራ የሚናገር ቃል ካላገኘ፥ ሐሳቡ የማን እንደ ሆነ፥ ዕቃው ከየት እንደሚመጣ፥ ገቢው እንዴት እንደሚከፈል የሚገልጽ አንድ ገጽ ስምምነት ከአለቃው ጋር ይጻፍ፤ ቀንና ፊርማ ያግባበት፤ አንዱን ቅጂም በቤቱ ያስቀምጥ።